መሐል ሜዳ የቆመ ሰው

«መሐል ሜዳ» ሲባል የአዲስ አበባ ሰው ጆሮ ውስጥ ቀድሞ የሚገባው የጨዋታ ዘጋቢው ድምፅ ነው፤ ኳሷ ከተከላካይ ወደ አጥቂ ስትሻገር የምታልፍበት፣ ሁለቱም ቡድን «የኔ ነው» እያለ የሚሻማበት፣ የማንም ያልሆነ ሥፍራ። የመንዝ ሰው ግን መሐል ሜዳ ሲል ከተማውን ማለቱ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ብላ፣ የጓሳን ሣር ተጎራብታ፣ ብርዱን በበርኖስና በባና እየመከተች የምትኖረውን የጌራ ምድርን ከተማ። እኔ የሁለቱም መሐል ሜዳ ሰው ነኝ። በአንደኛው ተወልጄ አደግሁ፤ ሌላኛውን ደግሞ በልጅነቴ በሬዲዮ ሰማሁት፣ ካደግሁ በኋላ በካምቦሎጆ መቀመጫ ላይ ሆኜ አየሁት። ዛሬ የማነሳው ሰው ዕድሜውን የፈጀው በሁለተኛው ላይ ነው፤ የሚዳኝበትን ወግ ግን የምበደረው ከመጀመሪያው ነው።

እንደሚታወቀው ልብ ወለድ ሒስ ይጻፍለታል፤ ቴአትርም፣ ሥዕልም፣ ሙዚቃም እንደዚያው። የአቀባበል ሥነ ሥርዓት ግን ሒስ ሲጻፍለት አላየሁም። ይሁንና አቀባበልም እንደ ቴአትር መድረክ አለው፤ ተዋናይ አለው፤ ተመልካች አለው፤ ማንም ሳይጽፈው ሁሉም በቃሉ የሚያውቀው ድርሰት አለው። እቅፍ አበባ፣ በጨርቅ ላይ የተጻፈ መፈክር፣ ክፍት መኪና፣ የባለ ሥልጣን ንግግር፣ ፎቶግራፍ፤ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ድል አድርጎ ለተመለሰ ሯጭ ይህ ድርሰት ይበቃል። ድርሰቱ የሚበላሸው የሚመለሰው ሰው «ነገር ያለበት» ሲሆን ነው፤ ተቀያይሞ የሄደ፣ ወይም ተገፍቶ የወጣ፣ ወጥቶም አፉን ያልዘጋ ሲሆን። ያን ጊዜ ተመልካቹ ምን ያድርግ? ያጨብጭብ? ያፏጭ? ወይስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ?

ይህን ጥያቄ በአንድ ሰው ላይ ልሞክረው። ሰውየው ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። በዕድሜም በማዕረግም አንቱ ሊባል የሚገባው ነው፤ ነገር ግን ደጋፊ ተጫዋቹን አንቱ ብሎ አያውቅምና በደጋፊ አንደበት እሱ እላለሁ።

ሉቻኖ በ1927 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ አሥመራ ተወለደ። አባቱ ጣልያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። ኳስን የጀመረው በአሥመራ ነው፤ በኋላ በድሬዳዋው የኮተን ቡድን ስሙ ገነነ፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አምበልም ሆነ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም የሆነውን ብዙ አንባቢ ከአባቱ ሰምቶታል። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ተጋጣሚዋ ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ እየተባለች የምትጠራው ግብፅ ናት፤ የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው እሷ ናት፤ በሁለቱም ውድድር እኛን 4 ለ 0 ሸኝታናለች። በዚያ ቀን ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ሁለት ጊዜ ተደረሰባት። የመጀመሪያውን ግርማ ተክሌ አስተካከለ። ሁለተኛውን፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው፣ አምበሉ ሉቻኖ አስተካከለ። በጭማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። 4 ለ 2። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቻኖ ነው። ከዚያ ወዲህ ስድሳ ዓመት አልፏል፤ ኢትዮጵያ ያን ዋንጫ ደግማ አላነሳችም።

እስከዚህ ድረስ ማንም የሚያጨበጭብበት ታሪክ ነው። ጭብጨባው የሚያመነታው ከዚህ በኋላ ነው። በደርግ ዘመን፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ፣ ሉቻኖ በጅቡቲ በኩል አገሩን ጥሎ ወጣ። ጣልያን ገብቶ ከሮማ አጠገብ ባለችው ኦስቲያ ኑሮውን መሠረተ፤ መኪና እየጠገነ ኖረ፤ ለልጆችም ኳስ አስተማረ። የሕይወቱን ታሪክ በጣልያንኛ ጽፎ አሳተመ። መጽሐፉ በእግር ኳስ ወግ ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ ክልስ ሆኖ መኖር ምን እንደሆነም ይናገራል። መስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ እዚያው ጣልያን አረፈ። ጋዜጦች ጻፉ፤ ሬዲዮኖች አወሩ፤ ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ ዝም ተባለ። የአገሩ ደጋፊ ነቅሎ ወጥቶ፣ ስሙን እየጠራ፣ በአደባባይ የተቀበለውን ድግስ እኔ በበኩሌ አላየሁም። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ስሙ መመለስ ነው። አንድ ቀን አንድ ስታዲየም በስሙ ይሰየም ቢባል፣ ሐውልቱ ይቁም ቢባል፣ በአንድ ትልቅ ጨዋታ ዋዜማ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ይደረግለት ቢባል፣ ደጋፊው እንዴት ይቀበለዋል?

እዚህ መሐል ሜዳ፣ ቅዳሜ ማታ የእንግሊዝ ጨዋታ በሚታይበት ቤት፣ ጥያቄውን ለወጣቶች አንስቼላቸው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ «ጋሼ፣ እሱ እኮ የኛ አይደለም» አለኝ። የማን ነው ብለው ትከሻውን ነቀነቀ። ሌላኛው «ጥሎ ከሄደ ሄደ ነው፤ ምን ይደረግለታል?» አለ። ሦስተኛው ግን፣ የአርሴናል ማልያ የለበሰው፣ «የቫን ፔርሲ ነገር ነው እንግዲህ» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ንቄ ላልፈው አልቻልኩም፤ ልጁ ሳያስበው ዋናውን ነገር ነክቶታልና።

ለማያስታውሱ ላስታውስ። ሮቢን ቫን ፔርሲ ስምንት ዓመት ለአርሴናል ተጫውቶ፣ አምበልም ሆኖ፣ በ2004 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ወደ ማንችስተር ዩናይትድ ሄደ። ሚያዝያ 20 ቀን 2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆኖ ወደ ቀድሞ ሜዳው ተመለሰ። በእንግሊዞች ልማድ ሻምፒዮን ለሆነ ቡድን ተጋጣሚዎቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ያጨበጭባሉ፤ የአርሴናል ተጫዋቾችም ተሰልፈው አጨበጨቡ። ደጋፊው በዚያው ቅጽበት በጩኸት ተቀበለው። እሱም በፍጹም ቅጣት ምት አገባ፤ ጨዋታው 1 ለ 1 ተፈጸመ። ከዚያ ቀደም ብሎም ሉዊስ ፊጎ ከባርሴሎና ወደ ሪያል ማድሪድ ከተሻገረ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1995 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ የማዕዘን ምት ሊመታ ሲል የተወረወረበት ብዙ ነገር ነበር፤ ከመካከሉ የአሳማ ጭንቅላት ይገኝበታል። ጨዋታው ለደቂቃዎች ተቋረጠ።

እነዚህን ሁለት አቀባበሎች እንደ ሐያሲ ላያቸው። የፊጎው ነውር ነው፤ ሰው ላይ የሚወረወር ነገር ሁሉ ነውር ነው። የቫን ፔርሲው ግን ከብዙ የአበባ ድግስ የተሻለ ሥነ ሥርዓት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለምን ቢሉ፣ በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት እውነት ጎን ለጎን ቆሟል። ተጫዋቾቹ «አሸንፈሃል፤ ይገባሃል» አሉ፤ ደጋፊው «ጎድተኸናል» አለ። አንዱ እውነት ሌላውን ዝም አላሰኘውም። ጩኸቱ ራሱ ያንን ሰው ምን ያህል ይወዱት እንደነበር የሚመሰክር ነው፤ ለማይወዱት ሰው ማንም ጉሮሮውን አያደርቅም።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። እኛ ቅር የተሰኘንበትን ሰው ወይ ፈጽመን እንረሳዋለን፣ ወይ ደግሞ አንድ ቀን ተነስተን ምንም እንዳልሆነ አድርገን በአበባ እንቀበለዋለን። በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ማለት ቅሬታን ተናግሮ መቀበልን፣ አደባባያችን አልተማረውም። ለዚህ ከቅርቡ ታሪክ ምሳሌ ልጥቀስ፤ ከእግር ኳስ ሳይሆን ከሩጫ ነው። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ተቃውሞውን ለዓለም አሳየ። ብመለስ እገደላለሁ ወይም እታሠራለሁ ብሎ በስደት ቀረ። ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ተመለሰ፤ ባለ ሥልጣናትም ደጋፊዎችም ቦሌ ድረስ ወጥተው ተቀበሉት። የወጣው ሕዝብ ደስታ ከልብ የመነጨ ነበር፤ በዚያ ላይ ሒስ የለኝም። ሒሴ በድርሰቱ ላይ ነው። ሲወጣም ሲመለስም በሥልጣን ላይ የነበረው ያው ግንባር ነው፤ ሰዎቹ ተለዋውጠዋል እንጂ ማኅተሙ ያው ነበር። ታዲያ የአበባውን እቅፍ የሚሰጠው እጅ ከማን ተቀብሎ ለማን እየሰጠ ነው? ሰውየው ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ያህል ከአገሩ የራቀበትን ምክንያት አበባ ሊያስረዳ አይችልም። አበባ ይሸፍናል።

ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ወደዚህ ወደ መንዝ መጥቶ ከገበሬው ጋር ኖሮ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ትልቅ መጽሐፉን «ሰምና ወርቅ» ብሎ ጠራው። ላይ ላዩን አንድ ነገር እያሉ ውስጥ ውስጡን ሌላ ማለት የባህላችን ጥበብም ደዌም መሆኑን አሳየ። እኔም ወደ ስታዲየም በሄድሁ ቁጥር ይህ ነገር ትዝ ይለኛል። በአቀባበል ላይ ጭብጨባው ሰሙ ነው። ወርቁ ያለው በዝምታው ውስጥ ነው። የክብር እንግዳው ንግግር ሲያደርግ ሕዝቡ እርስ በርሱ የሚንሾካሾከውን ያልሰማ ሰው ሥነ ሥርዓቱን አየሁ አይበል።

አባቶቻችን ግን ይህን አልሳቱትም። በመንዝ ነገር ያለበት ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ሥርዓት አለው። አንድ አዛውንት፣ ብዙ ዕርቅ ያስቀመጡ፣ የሉቻኖን ነገር ሳወጋቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ጥያቄ ስለ ኳስ አልነበረም።

«ለመሆኑ ማን ነው የበደለው?» አሉኝ።

«እሱ ነው ጋሼ ማለት ነው፣ ጥሎ የሄደው?» ብዬ መለስሁላቸው።

«እኔ ማን ሄደ አላልኩህም። ማን በደለ ነው ያልኩህ። ድንጋዩን የሚሸከመው የበደለው ነው። እሱን ሳታውቅ ድንጋይ ብታነሳ ከማን አንገት ላይ ልታኖረው ነው?»

ድንጋይ ያሉት ምሳሌ አይደለም። በዕርቅ ቀን በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ከተበዳይ ፊት ይቆማል። ተበዳይ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው በመጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሁለቱንም ወገን ሰምተዋል፤ በደሉ በስሙ ተጠርቷል፤ ካሣው ተቆርጧል። መብላትና መጠጣቱ ከሁሉ በኋላ ይመጣል። ልብ በሉ፤ የኛ የዘመኑ አቀባበል ከዚህ ሥርዓት የወሰደው የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ነው። ድግሱን ወሰደ፤ ድንጋዩን ተወው። «ዕርቅ ደም ያደርቅ» የተባለው እኮ ደሙ ከታየ በኋላ ነው፤ ያልታየ ደም በምን ይደርቃል?

እንግዲህ የአዛውንቱን ጥያቄ ይዤ ወደ ሉቻኖ ልመለስ። ደጋፊው ሊያነሳበት የሚችለው ክስ ሦስት ነው።

አንደኛው ጥሎ መሄዱ ነው። ይህ ክስ ዓመተ ምሕረቱን አይቶ መናገር ይገባዋል። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. የነበረው ቀይ ሽብር ነው። በዚያ ዘመን ከአገር የወጣውን ሁሉ ከዳ የምንል ከሆነ የስንቱን ቤት አባትና እናት ልንከስ ነው? በጅቡቲ በረሃ የተሻገረ ሰው ከአርሴናል ወደ ማንችስተር እንደተሻገረ ሰው አይቆጠርም። አንዱ ደመወዝ መርጧል፤ ሌላው ነፍሱን ነው የመረጠው። የአርሴናሉ ወጣት ሳቅ እዚህ ላይ ይቆማል።

ሁለተኛው መናገሩ ነው፤ «የአገሩን ገመና በባዕድ ቋንቋ ጻፈ» የሚለው። ይህን ክስ ከብዙ የኳስ ሰው ሰምቼዋለሁ። እኔ ግን በአማርኛ ያላደመጠው ሕዝብ በጣልያንኛ ጻፍክ ብሎ ሊከሰው ምን መብት አለው ብዬ እጠይቃለሁ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል የአገሬ ሰው። የጻፈው ሁሉ ልክ ነው አልልም፤ የአንድ ሰው ትዝታ የአንድ ሰው ትዝታ ነው፤ ከእሱ ጋር አብረው የነበሩ ሌላ ሊያስታውሱ ይችላሉ። ለዚህ የሚሆነው ዝምታ አይደለም፤ መጽሐፉን ተርጉሞ ማሳተም፣ ያኮረፈም ካለ መልሱን እንዲጽፍ መፍቀድ ነው። የዕርቅ ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ይሰማል ያልኩት ይህን ነው።

ሦስተኛው ክስ የመጀመሪያው ወጣት ክስ ነው፤ «የኛ አይደለም»። ይህ ከሁሉ ይከብዳል። ምክንያቱም ሉቻኖ ይህን ቃል ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማው ነው። ለጣልያኖቹ የጥቁር ልጅ ነበር፤ ለጥቁሮቹ የጣልያን ልጅ። ዋንጫውን ባነሳባት ወር ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የታሰረች ነበረች፤ አሥር ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 1955 ዓ.ም.፣ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። ከዚያ የሠላሳ ዓመት ጦርነት፣ ከዚያ የኤርትራ ነፃነት፣ ከዚያ ደግሞ ከ1990 ዓ.ም. የጀመረው የድንበር ጦርነት መጣ። ሰውየው ባለበት ቆሞ ሳለ ድንበሮች በላዩ ላይ ተመላለሱበት። መሐል ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ማለት ይህ ነው፤ ሁለቱም ወገን ኳሷን ሲያገኝ የኔ ይለዋል፣ ሲያጣት የዚያኛው ነው ይለዋል። በዚያ ቀን የተሰለፉት እነማን ነበሩ? በረኛው ጊላሚካኤል ተክለማርያም፣ ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርሄ፣ በርሄ ጎይቶም፣ አዋድ መሐመድ፣ ተስፋዬ ገብረ መድኅን፣ ግርማ ተክሌ፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ ሉቻኖ፣ ኢታሎ፣ ጌታቸው ወልዴ። ከእነዚህ መካከል የአሥመራን ልጆች «የኛ አይደሉም» ብሎ የሚያወጣ ሰው ዋንጫውንም አብሮ ማውጣት አለበት። ሉቻኖን አውጥቶ የ84ኛዋን ደቂቃ ጎል ማስቀረት አይቻልም። ጎሏ ከሌለች ጨዋታው 2 ለ 1 ያልቅና ዋንጫው ወደ ካይሮ ይሄዳል።

እንግዲህ ድንጋዩን ማን ይሸከም? እኔ እንደማየው ከደጋፊውም ከፌዴሬሽኑም ከመንግሥትም ድርሻ አለ። የመንግሥት ድርሻ አምበሉ በአገሩ በሰላም ሊኖር ያልቻለበት ዘመን ነው። የፌዴሬሽኑ ድርሻ ለስንት ዓመት ስሙን ሲያስፈልግ ብቻ ማንሳቱ ነው። የደጋፊው ድርሻ ደግሞ ያቺ በቀላሉ ከአፍ የምታመልጥ «ክልስ» የምትል ቃል ናት። የሱስ ድርሻ የለውም ወይ? ይኖረው ይሆናል፤ ያንን ግን ሊመልስ የሚችለው እሱ ነበር፤ ሳንጠይቀው ሞተ። ዘግይቶ የሚደገስ ድግስ ትልቁ ጉድለቱ ይኸው ነው፤ ከሁለቱ ወገን አንደኛው አይገኝም።

ደጋፊ ከመጮኹ በፊት ጥፋቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ ለምን እንደሚያስፈልገው ከሉቻኖ ርቄ አንድ ሌላ ምሳሌ ልስጥ። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፋ፣ ከተማው ሲጨፍር፣ ፊፋ ምርመራ መጀመሩን አሳወቀ። ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ ነበረበትና ከሳምንት በፊት ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ መሰለፍ አልነበረበትም። ያ ጨዋታ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተቆጠረ፤ ሦስት ነጥብ ሄደ። ካርድ ቆጥሮ መመዝገብ የቢሮ ሥራ ነው፤ ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አመነ። ሆኖም ዛሬ ያንን ቀን የሚያስታውስ ሰው የጸሐፊውን ስም አያነሳም፤ የተጫዋቹን ነው የሚያነሳው። ቡድኑ ከዚያም በኋላ ምድቡን በአንደኝነት ጨርሶ ከናይጄሪያ ጋር ለመጨረሻው ማጣሪያ መድረሱ እንኳ ያንን ስም ከስሕተቱ አላላቀቀውም። የቢሮ ወረቀት ጥፋት በማልያ ለባሹ አንገት ላይ ተንጠለጠለ። አዛውንቱ «ከማን አንገት ላይ ልታኖረው ነው?» ያሉት እንዲህ ያለውን ይመስለኛል።

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ ተቃወመኝ። «ኳስ ሜዳ የሽምግልና ዛፍ አይደለም፤ ሰው ሥራ ውሎ ዘጠና ደቂቃ ሊተነፍስ ነው የሚመጣው፤ አንተ ታሪክ ልታሸክመው ትፈልጋለህ» አለኝ። ቁም ነገር አለው። በስታዲየም የተሰበሰበ ሠላሳ ሺህ ሰው እንደ ሦስት ሽማግሌ ሊመክር አይችልም፤ ከዚህ ቀደምም በየሜዳው የብሔር ስድብና የድንጋይ ውርወራ ስላየን፣ «ቅሬታህን በግልጽ ተናገር» ብሎ ሕዝብን መጋበዝ እሳት መጫር ሊሆን ይችላል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ወዳጄ የረሳው አለ። ስታዲየሙ ታሪክ አልባ ሆኖ አያውቅም። መቀመጫዎቹ ራሳቸው ስማቸው ታሪክ ነው። ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን በስንት ብር እንደሚገባ፣ ማን ዝናብ እንደሚመታውና እንደማይመታው የሚናገር ካርታ ነው። ደጋፊው ታሪክ ተሸክሞ ነው የሚገባው፤ ጥያቄው እንዴት ያውርደው የሚለው ብቻ ነው።

ስለዚህ የሉቻኖ ስም የሚመለስበት ቀን ቢመጣ፣ የካምቦሎጆ ሰው እንዴት እንደሚቀበለው ልገምት። ጥላ ፎቅ ተነስቶ ያጨበጭባል፤ ባለ ሥልጣኑ ሲነሳ መነሳት ልማዱ ነውና። ከማን አንሼ ስሙን እንደማንም የሚያውቅ ለመምሰል ከጥላ ፎቅ አስበልጦ ያጨበጭባል። ሚስማር ተራ ከበሮውን ይመታል፤ በዚያ ግን የመንግሥቱን ስም ከሉቻኖ ስም አብልጦ ይዘምራል፤ መንግሥቱ ወርቁ የጊዮርጊስ ነውና። ካታንጋ ውስጥ አንድ ድምፅ «ከአገር የወጣ!» ብሎ ይጮኻል፤ ሌላ ድምፅ «ዝም በል፣ አንተ የት ነበርክ?» ይለዋል። እኔን የሚያጓጓኝ ይህ የካታንጋው ክርክር ነው። ዘጋቢው በማይክሮፎኑ ሊሸፍነው ይሞክራል፤ አዘጋጆቹ ሙዚቃ ይከፍቱበታል። የሥነ ሥርዓቱ ወርቅ ግን ያለው እዚያ ነው፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ ሁለት ሰዎች ስለ ሉቻኖ በአደባባይ ተከራከሩ ማለት ነው። ክርክሩ ሰውየው የኛ ለመሆኑ ከጭብጨባው ሁሉ የበለጠ ማስረጃ ነው። ማንም ሰው በማያገባው ሰው አይጣላም።

አዘጋጅ ብሆን ምን አደርግ ነበር? ንግግሩን አሳጥራለሁ፤ እቅፍ አበባውን እተዋለሁ። ከጨዋታው በፊት የአሥራ አንዱን ስም ከነትውልድ ከተማቸው በድምፅ ማጉያ አስነብባለሁ፤ «አሥመራ» ሲባል ማጉረምረም ቢኖር ይኑር፤ አንባቢው ግን አይዝለል። ከዚያ የፌዴሬሽኑ ሰው ወጥቶ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይናገራል፤ አምበላችን በአገሩ እንዳይኖር የሆነበት ዘመን ነበር፤ ስሙን ለማንሳት እስከ ዛሬ ቆይተናል። ይህ ነው ድንጋዩ። ሸክሙ ከዚህ አይበልጥም፤ ግን አንድ ሰው በሕዝብ ፊት አንገቱን ደፍቶ ሊሸከመው ይገባል። የሚያጨበጭብ ያጨብጭብ፤ የሚያፏጭ ያፏጭ፤ ዝም የሚል ዝም ይበል። ዳኛውም ኳሷን መሐል ሜዳ ላይ ያስቀምጥና ጨዋታው ይጀመር።

ከእኔ መንደር በስተደቡብ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ ስታዲየም ተሰይሞለታል፤ ይገባዋልም። የአበበ ድል ለመውደድ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው፣ ባዶ እግር፣ የሮማ ጎዳና። የሉቻኖን ለመውደድ ግን ስለ ራሳችን ጥቂት የማይመች ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ትልቁን ዋንጫችንን ያነሳልን ሰው ግማሹን እኛ የተዋጋነው፣ ግማሹን እኛ የተጣላነው ነው። ይህን አውቆ የሚያጨበጭብ ደጋፊ በተገኘ ጊዜ ስታዲየሙ በማን ስም እንደሚሰየም ብዙ አያስጨንቀኝም።